የጓሮ መንገድ

በያራቪል የምኖርበት ቤት ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈት፣ እንግዳም ፖስታ አዳይም የሚያውቀው ነው። ሁለተኛውን በር ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ ከጓሮው ጫፍ ባለችው አሮጌ የጡብ ክፍል ግርጌ፣ ከጉልበት ከፍታ ያልበለጠች ቀዳዳ ነበረች። ከብዙ ዘመን በፊት በጡብ ተደፍናለች። ቤቱን የገዛን ጊዜ የዶሮ መውጫ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ገምቼ ነበር። ምንነቷን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ጓሮው መንገድ ደብዳቤ ከደረሰን ወዲህ ነው።

ያራቪል ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከያራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰፈር ነው። ያገራችን ሰው ለቡናና ለእንጀራ የሚገናኝበት ፉትስክሬይ አጎራባቹ ነው። የጥንት የኩሊን ሕዝቦች ምድር ነበር፤ ቀጥሎ የድንጋይ ማውጫ፣ ከዚያም የፋብሪካ ሰፈር ሆነ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው የስኳር ማጣሪያ ዛሬም በወንዙ ዳር አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1938 የተከፈተው ሳን የተባለው ሲኒማ ቤትም ተዘግቶ ከርሞ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። ለፋብሪካ ሠራተኛ የተሠሩት የእንጨት ቤቶች ግን ዛሬ የፋብሪካ ሠራተኛ ሊገዛቸው የማይችላቸው ሆነዋል። በነዚህ ቤቶች መካከል፣ ጓሮ ከጓሮ በሚገናኝበት፣ ስፋታቸው ከ3 ሜትር እምብዛም የማያልፍ መንገዶች አሉ። የተነጠፉበት ድንጋይ በእኛም አገር ለቤት መሠረትና ለአጥር የሚውለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን በዚያ ድንጋይ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሽታው ጉለሌን አስታወሰኝ።

ደብዳቤው የሚለው በአጭሩ ይህ ነበር። ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው መንገድ የሕዝብ ነው፤ ሣር ውጦታል፤ ተጠግኖ ለእግረኛ ቢከፈት ወደ ባቡር ጣቢያው ያቀርባል። ነገር ግን በመካከሉ የበቀለው ዛፍ ሥሩ ድንጋዩን ገፍቶ አንሥቶታል። ነዋሪዎች ምን ይላሉ?

ነዋሪዎች ሦስት ሆነው ተከፈሉ። ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ወጣት ወላጆች መንገዱን ፈለጉ። ሌሎች ዛፉ አይነካ አሉ። ጓሯቸው በቀጥታ ወደ መንገዱ የሚታይ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ በር ተሠርቶ ይቆለፍ አሉ። የሁሉም ክርክር እውነት ነበረበት፤ የሁሉም ክርክር ግን ሌላውን ያፈርሳል። ጎረቤቴ፣ በወጣትነታቸው ከግሪክ የመጡ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ እናት፣ የሦስተኞቹን ማመልከቻ ይዘውልኝ መጡ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከመንገዱ ሁለት እርምጃ አይርቅም። አንብቤ ፈረምሁ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝም።

ሐኪም ነኝ። በሽተኛን ከመመርመር በፊት መድኃኒት ማዘዝ ነውር መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ኖሯል። እዚህ ግን መጀመሪያ ፈርሜ ኋላ መመርመር ጀመርሁ።

ሜልበርን በ1835 ተቆረቆረች፤ በ1851 ወርቅ ተገኘባትና በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት፣ ከብሪታንያ ግዛት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነበራት፤ ባቡር ነበራት፤ የፍሳሽ መስመር ግን አልነበራትም። የወጥ ቤቱና የመታጠቢያው እጣቢ በመንገድ ዳር ቦይ እየፈሰሰ ወደ ያራ ይወርድ ነበር። ስላቀኞች በስሟ ላይ አንዲት ፊደል ጨምረው “ስሜልበርን” አሏት፤ “ስሜል” በእንግሊዝኛ ሽታ ማለት ነውና። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የአንጀት ተስቦ፣ ማለትም ታይፎይድ፣ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይፈጅ ነበር። በሽታው በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ እንደሚተላለፍ ለምናውቅ ለእኛ የዚያን ዘመን ከተማ ካርታ መመልከት የበሽተኛን የሙቀት ሰንጠረዥ እንደ መመልከት ነው።

የሰውን ዓይነ ምድር ግን ወደ ቦይ መጣል ክልክል ነበር። ከቤቱ ርቃ፣ በጓሮው መጨረሻ፣ ጀርባዋን ለኋላው መንገድ ሰጥታ የምትሠራ ትንሽ ክፍል ነበረች፤ ከመቀመጫው ሥር ባልዲ ይቀመጣል። በሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ጋሪ የሚነዱ ሰዎች በኋላው መንገድ ይመጡና ከክፍሏ ግርጌ ያለችውን መዝጊያ ከውጭ ከፍተው ሙሉውን ባልዲ ያወጣሉ፤ ባዶውን ይተካሉ፤ ይሄዳሉ። እንግሊዞች የሚሸከሙትን ነገር በስሙ መጥራት አፍረው “የሌሊት አፈር” ብለውታል። እኛም “ዓይነ ምድር” ብለናል። ሁለቱም ቋንቋዎች በአፈር ሸፍነውታል።

የእኔም ቀዳዳ ያቺ ነበረች። ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው መንገድም የተነጠፈው ለዚህ ነበር፤ ድንጋዩ የተደረደረው የጋሪ መንኮራኩር በጭቃ ተይዞ ጭነቱ እንዳይደፋ ነው። ይህን ሳነብ ደጋግሜ የቆምሁበት አንድ ነገር አለ። እኔና ጎረቤቴ የግል ኑሯችንን ለመሸፈን ሲባል ይዘጋ ብለን የፈረምንበት መንገድ፣ ከመጀመሪያው የተሠራው የቤትን ገመና ለመሸፈን ነው። በፊት ለፊት በር ሊወጣ የማይችለው ነገር በዚያ ይወጣ ነበር።

ገመና የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ተጠቀምሁበት። እንግሊዞች ፕራይቬሲ የሚሉት ነገር ሰው ለብቻው የመተው መብት ነው፤ መብቱን የሚያስከብረውም ራሱ ባለቤቱ ነው፤ አጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ይከሳል፤ ይቆልፋል። የእኛ ገመና ግን ያለ ሁለተኛ ሰው የሚሸፈን አይመስለኝም። ገመናን የሚሸፍነው ያየው ሰው ነው፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው። በሙያዬም የማውቀው ይህን ነው፤ የበሽተኛዬን ምስጢር የምጠብቀው ስለማላውቀው አይደለም፤ ስለማውቀው ነው።

የሌሊቶቹ ጋሪ ነጂዎች የመንደሩን ሁሉ ገመና ያውቁ ነበር። የትኛው ቤት የታመመ እንዳለ፣ የትኛው ቤት እንግዳ እንደ ሰነበተ ከባልዲው ክብደት መለየት አያቅታቸውም። ማንም ግን ፊታቸውን አያውቅም። የፍሳሽ መስመሩ ዘግይቶ በደረሳቸው የከተማው ዳርቻዎች ሥራው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ዘልቋል፤ ለገና በዓል አንድ ጠርሙስ ቢራ ከክፍሏ ደጃፍ ማስቀመጥ ልማድ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ባነሣባቸው ሳቁ። ከመርከብ ወርደው የገቡበት የመጀመሪያ ቤታቸው ከከተማ ወጣ ያለ ነበርና ባልዲ ይነሣ ነበር።

“አይተውት ያውቃሉ?” አልኋቸው።

“ሲመጣ እንሰማዋለን፤ ግን እንደ ተኛን ሆነን እንቆያለን። እንዴት ብለን እናየዋለን? እሱም ያፍራል፤ እኛም እናፍራለን” አሉኝ።

ከተማይቱን ያዳናት ምሕንድስና ነው። በ1888 መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1889 ጄምስ ማንሰርግ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተጠርቶ መጥቶ ንድፍ አወጣ፤ በ1891 የሜልበርንና የአካባቢዋ የሥራዎች ቦርድ የሚባል መሥሪያ ቤት ሥራውን ተረከበ። ዋና መሐንዲሱ ዊልያም ትዌትስ ንድፉን ለከተማው እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው። በ1897 የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች ከመስመሩ ጋር ተገናኙ። የከተማው ፍሳሽ በከርሰ ምድር ተሰብስቦ ከእኛ በስተ ደቡብ ወዳለው ስፖትስዉድ ይመጣል፤ እዚያ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ግዙፍ ፓምፖች ወደ ብሩክሊን ከፍታ ይገፉታል፤ ከብሩክሊን በራሱ ቁልቁለት ወደ ዌሪቢ እርሻ ይፈሳል። የፓምፑ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ልጆቼን በእሑድ የምወስዳቸው እዚያ ነበር። ትልቁ የፍሳሽ ቦይ አገልግሎቱን ከጨረሰ ወዲህ በጎኑ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል። ዛሬ ሰዎች በሩጫ ልብስ አየር ሊቀበሉ የሚወጡበት መስመር መቶ ዓመት ሙሉ የከተማው እዳሪ የተጓዘበት ነው።

የጓሮዎቹ መንገዶች ግን ሥራ ፈቱ። አንዳንዱ ጋራዥ መግቢያ ሆነ። አንዳንዱን ማዘጋጃ ቤቶች ለመንገድነት አያስፈልግም እያሉ ግራና ቀኝ ላሉት ቤቶች ሸጡት። አንዳንዱን ደግሞ ነዋሪው አጥሩን በስንዝር በስንዝር እየገፋ ቲማቲም ተከለበት። በዚህ አገር ሕግ፣ የሰውን መሬት 15 ዓመት ሙሉ ያለ ከልካይ በእጁ ያቆየ ሰው የእኔ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ማንም ባይሄድበት፣ ሣር ቢውጠው፣ መንገድ መሆኑ አይቀርም። የእኛው እንዲህ ያለው ነበር። ሰው ሲተወው ዛፍ ያዘው።

ዛፉ ሽቶ ባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ እንደ ታጠበ ሸክላ ልስልስ፣ ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ የሚል። ማን እንደ ተከለው የሚያስታውስ የለም። ሥሩ ድንጋዩን ከማንሣቱም በላይ ከሥር ባሉት አሮጌ የሸክላ ቧንቧዎች መጋጠሚያ እየገባ ፍሳሹን ይዘጋል። የዛፉ ተከራካሪዎች ይህን መስማት አይወዱም፤ ነገር ግን እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቧንቧ ጠራጊ ጠርቼ ከፍያለሁ።

ስለ ባሕር ዛፍ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ ከተማ ወደ እኛ አገር የሚወስደኝ መንገድ እሱ ነውና። ነጩን ባሕር ዛፍ ለዓለም በብርቱ ያስተዋወቀው ከ1853 ጀምሮ የቪክቶሪያ መንግሥት የዕፀዋት ሊቅ የነበረው፣ በሙያው መድኃኒት ቀማሚ የሆነው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። መቀመጫው እዚሁ ሜልበርን ነበር። ዘሩን ለብዙ አገሮች ሲያድል፣ ይህ ዛፍ ረግረግ ያደርቃል፤ አየሩን ያጸዳል፤ ንዳድን ያባርራል የሚል እምነት ይዞ ነበር። በሮም አጠገብ በትሬ ፎንታኔ ገዳም መነኮሳት የተከሉት ለዚሁ ነው። ወባ ከመጥፎ አየር ይመጣል ይባል ነበርና። ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው፤ የሜልበርን ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር መግባት የጀመረበት ዓመት መሆኑ ነው። በተሳሳተ ምክንያት ዓለምን የዞረ ዛፍ ሌላ ቦታ በሌላ ምክንያት አዳኝ ሆነ።

በአዲስ አበባ የሆነው ይህ ነው። ከተማዋ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦና የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። እንጨት ባለቀ ቁጥር መናገሻን ማዛወር የቆየ ልማድ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በምዕራብ በኩል በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት። ዘሩን ያስመጣው ፈረንሳዊው አማካሪ ሞንዶን ቪዳይዬ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። የአባቴ ቤት በሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነበር። ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ አጥሩ የባሕር ዛፍ አጠና፣ ምጣዱ የሚሞቀው በባሕር ዛፍ ቅጠል።

ቅጠሉን የሚያመጡት ሴቶች ነበሩ። ከሌሊቱ ተነሥተው ወደ ጫካው ይወጡና ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ባጎበጠው ጀርባቸው ይዘው ይወርዳሉ። በዋናው መንገድ አይመጡም። በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ካደረገው ወዲህ ደኑ የመንግሥት ነበርና፣ በዋናው መንገድ የደን ጥበቃ አለ፤ እንጨቱን ይቀማል፤ ይደበድባል፤ ከዚያም የከፋ ያደርጋል። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለነዚሁ ሴቶች ጥናት ያስደረገው እኔ አገሬን ለትምህርት ከለቀቅሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ግን በጓሯችን በኩል ጠባብ የእግር መንገድ እንደ ነበርና ጎህ ሳይቀድ ከአጥሩ ማዶ “ቤቶች! ቅጠል ነው እትዬ” የሚል ድምፅ እንደሚሰማ ነው። እናቴ በጣሳ ውሃ ታቀብላለች፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ሸክሙ ይወርዳል። የአንዲቱንም ሴት ፊት አላስታውስም። የማስታውሰው የቅጠሉን ክምርና ከሥሩ የሚታዩትን እግሮች ነው።

አንድ ቀን አባቴ ያንን መንገድ ዘጋው። ጊዜው ቀይ ሽብር ነበር። ቀበሌው ማን ከማን ቤት እንደሚገባ ይቆጥር ነበርና በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ዓይን የሚያስፈራ ሆነ። አባቴ በአጠናው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃና በአሮጌ ጋዜጣ ደፈነ፤ የጓሮውን መዝጊያ በምስማር መታ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ምስማር አቀብለው ነበር። ሴቶቹ በየት በኩል እንዳለፉ በቤታችን የጠየቀ አልነበረም። አባቴን አልወቅሰውም። በያራቪል በሁለት ደቂቃ የፈረምሁትን እጄን ግን ያዘዘችው ያቺ ማለዳ እንደ ነበረች አሁን አውቃለሁ።

የሕዝብ መሬት የሚለው ቃል በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ሥጋ የለውም። እዚህ የሕዝብ መንገድ ማለት ሹሙም ቢሆን ሳይጠይቀኝ የማይዘጋው፣ እኔም ልገፋው የማልችለው መሬት ነው። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን ከሽያጭና ከልውውጥ ውጭ አድርጎ የመንግሥትና የሕዝቦች ብቻ አለው። የሁሉ የሆነው ነገር የማን እንደ ሆነ ለመለየት ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ መሆን ያስፈልጋል። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ዛፍ ተተክሏል፤ መብራት ተሰቅሏል። አየሁት፤ ማማሩን አልክድም። በዚያው ሥፍራ ለሁለትና ለሦስት ትውልድ የኖሩት ሰዎች ግን ወደ ከተማው ዳር ተወስደዋል፤ ሐሳባቸውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር የሚል ሰው አላገኘሁም። እንጦጦም በ2020 መናፈሻ ሆኖ ተመርቋል፤ በደኑ ውስጥ የተጠረገ መንገድ አለ። እንዲያ ባለ መንገድ ላይ እየተጓዝሁ ቅጠል የሚያመጡት ሴቶች ዛሬ በየት በኩል እንደሚወርዱ አብሮኝ የነበረውን ወጣት ዘመዴን ጠየቅሁት። “የትኞቹ ሴቶች፣ ጋሼ?” አለኝ።

ከዚያ ጉዞ እንደ ተመለስሁ ፊርማዬን አነሣሁ። ለጎረቤቴ አስቀድሜ ነገርኋቸው፤ በፖስታ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። “አንተ ሐኪም ነህ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ራቁቱን ታያለህ። እኔ ግን መስኮቴ ነው” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ክረምት በሙሉ ከአጥሩ በላይ ሎሚ አላቀበሉኝም።

ለጽሕፈት ቤቱ የጻፍሁት ገጽ ተኩል ነበር። መንገዱ ይከፈት፤ ከዛፉ ሥር ግን ድንጋዩ ተነሥቶ በጠጠር ይተካ፤ መንገዱ ዞሮ ይለፈው፤ ከእናትየው መስኮት ፊት ለፊት ያለው አጥር በሕዝብ ወጪ ከፍ ይበል፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ብቻ ይብራ። ቧንቧው ሲታደስ ሥር በማይገባበት ዓይነት ይታደስ። ሌሎችም ይህን የመሰለ ጽፈው ኖሯል። ከአንድ ዓመት ክርክር በኋላ የሆነውም ባብዛኛው ይኸው ነው፤ ቧንቧው ግን እስከ ዛሬ እንደ ነበረ ነው፤ የአጥሩንም ግማሽ ወጪ የከፈልነው እኛ ነን። መንገዱን የፈለጉት ጠጠሩ የሕፃን ጋሪ ይይዛል ብለው ያማርራሉ። የዛፉ ወገኖች ሁለት ትላልቅ ቅርንጫፎች ተቆርጠውባቸዋል። ጎረቤቴ መጋረጃቸውን አወፍረዋል፤ ሎሚው ግን ተመልሷል።

መንገዱ በተከፈተ ማግሥት የመጀመሪያውን ኮቴ የሰማሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ወጥ ቤት ቡና ጥጄ ቆሜአለሁ። የሥራ ልብስ የለበሰ፣ ከሌሊት ተረኛነት የሚመለስ የሚመስል ሰው ከዛፉ ዞሮ በእኔ አጥር በኩል መጣ። መጋረጃውን ልስብ እጄን ዘረጋሁ። ሰውየው መስኮቴ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ጠጠሩ አቀርቅሮ አለፈ። መጋረጃውን ለቀቅሁት፤ ጀበናው ሊገነፍል ነበር።